ያላቻ ጉርብትና፦ ለወርቃማ ዓሣ ጓደኛ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ነበሩኝ። ገንዳው ጭር ያለ መስሎኝ ጉፒ የሚባሉ ስድስት ትናንሽ ዓሦች ጨመርሁባቸው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ስቆጥር አራት ብቻ ቀርተዋል፤ የአምስተኛው ሰማያዊ ጅራት ከትልቁ ወርቃማ ዓሣ ከንፈር ወጥቶ ይርገበገባል።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ከአፉ የሚያንስ ጓደኛ መስጠት። ወርቃማ ዓሣ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጨጓራ ስለሌለው የበላው ሳይቆይ በአንጀቱ ያልፋል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጠጠር አፉ ውስጥ እያገላበጠ ሲተፋና ያገኘውን ሲለቅም ይውላል። አፉ የቻለው ሁሉ ምግብ ነው። ሲገዙት አውራ ጣት የሚያህለው ባለ ነጠላ ጅራት ዓሣ ሰፊ ውኃ ካገኘ ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ጓደኛውን ሲመርጡ ነገ የሚኖረውን ቁመት ያስቡ።

ሁለተኛው ስህተት የሙቀት ነው፤ ብዙ ዓሣ የሚያልቀውም በዚህ ይመስለኛል። መነሻው ቻይና የሆነው ወርቃማ ዓሣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያለው ውኃ ይስማማዋል። ቤታና ኤንጅልፊሽ የሚባሉት የገንዳ ዓሦች ግን ከ24 ዲግሪ በላይ ይፈልጋሉ። ለእነሱ ብሎ ማሞቂያ የሚከት ሰው ወርቃማውን ዓሣ ያሰቃያል። ሐዋሳ ደግሞ በራሷ ሞቃት ናት። የሞቀ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊትም ዝቅ ያለ ነውና ኦክስጅኑን ይበልጥ ይቀንሰዋል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑ ሲቆም ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲከድኑ ካዩ እየተጫወቱ ነው ብለው አይለፏቸው፤ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

ሦስተኛው የእኛው የሐዋሳዎች ስህተት ነው። ማለዳ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጀልባዎቹ ሲደርሱ ትንሽ ቆሮሶ በጠርሙስ ይዞ መመለስ ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው። እባክዎ ከወርቃማው ዓሣ ጋር አይቀላቅሉት። ወንዱ ቆሮሶ ክልሉን የሚያስከብር፣ ሌላውን እያሳደደ የሚነክስ ነው። አምባዛ ደግሞ አዳኝ ነው፤ አድጎ ጎረቤቱን ይውጠዋል። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያንም ይዞ ሊገባ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቦታ ያጣን ወርቃማ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ መልቀቅ ነው። በሌሎች አገሮች እንዲህ የተለቀቁ ወርቃማ ዓሦች ተራብተው፣ ከሥር ያለውን ደለል እየቆፈሩ ሐይቆችን አደፍርሰዋል። ያ በሐይቃችን እንዲደርስ በፍጹም አልፈልግም። ለሻጩ ይመልሱት፣ ወይም ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት።

ገንዳ ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠው ፕሌኮ የተባለው ዓሣም አይሆንም። ሌሊት ወርቃማው ዓሣ ጎን ላይ ተለጥፎ ሰውነቱን የሚጠብቀውን ልጋግ ይመጥጣል፤ በቦታው የነጣ ክብ ቁስል ይቀራል።

ታዲያ ማን ይሁነው? ሌላ ወርቃማ ዓሣ። እዚህም ላይ ግን አቻውን ይፈልጉለት። ሰውነቱ እንደ እንቁላል የከበበው ባለ ድርብ ጅራት ከባለ ነጠላ ጅራቱ ጋር አብሮ ሲኖር ሁልጊዜ እንደ ተራበ ነው። ምግብ ሲነሰነስ ፈጣኑ ሦስቴ ጎርሶ ሲመለስ፣ ዓይኑ ያፈጠጠው ዓይነት ገና የት እንደወደቀ ይፈልጋል። እኔ ይህን ሳልረዳ አንዱን ለወራት አስርቤዋለሁ፤ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ቦታም አይንፈጓቸው። ለመጀመሪያው ዓሣ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 40 ሊትር ያህል መያዝ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ስለሚበሉ ብዙ ይጸዳዳሉ፤ ከቆሻሻው የሚወጣው አሞንያ የተባለ መርዝ ስንጥባቸውን ያቃጥላል።

አዲሱን ዓሣ በገዙበት ቀን ከነባሮቹ ጋር አያገናኙት። ለአራት ሳምንት ያህል በሌላ ዕቃ ለብቻው ያቆዩት። ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ከታየ በሽታ ነው፤ ሳይድን አይቀላቀልም። መረቡና ባልዲውም ለየብቻ ይሁኑ።