የጉዞ ማኅበር የራሱን የድንኳን ቦታ እንዴት ይይዛል?

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ድንኳን እየተከለ የሚያድር የጉዞ ማኅበር ሁሉ አንድ ቀን «ለምን የራሳችንን ቦታ አንገዛም?» የሚል አባል አያጣም። በእኛ ማኅበር ያ አባል እኔ ነበርኩ። በየጉዞው አዲስ ሜዳ መፈለግ፣ ማን መፍቀድ እንዳለበት ማጠያየቅና ዕቃ አጓጉዞ መመለስ ያሰለቻል፤ ስለዚህ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ሥራው የሚጀመረው ግን «መግዛት» የሚለውን ቃል ከቃለ ጉባኤው በመሰረዝ ነው።

የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የሕዝብና የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት የሚሸጥ ዕቃ አይደለም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ይህንኑ አጽንቶታል። በከተማ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያረፈው ቤት ነው፤ በገጠር የሚገኘውም የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በመሆኑም ማኅበራችሁ የሚፈልገው ቦታ በኪራይ ወይም በሊዝ የሚያዝ እንጂ ለልጅ ልጅ የሚወረስ ርስት አለመሆኑን አባላቱ ሁሉ ገንዘብ ከማዋጣታቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል። የሽያጩን ውል በብድር ወይም በስጦታ ስም አዘጋጅቶ ሊያስፈርማችሁ የሚመጣ ደላላ ካጋጠማችሁ፣ ሻዩን ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ተነሡ።

ቀጥሎ የምታድሩባቸውን ሌሊቶች ቁጠሩ። እኛ ስንቆጥር በዓመት 11 ሌሊት ብቻ ሆነ፤ ይህም ማለት ለቀሪዎቹ 354 ሌሊቶች ለጥበቃ የምንከፍለው ማንም ለማያድርበት ሜዳ ነበር ማለት ነው። ሌሊቶቻችሁ ከአሥር የማይበልጡ ከሆነ በየጊዜው መከራየት እንደሚያዋጣ አምናለሁ፤ ሆኖም ዕቃ የሚቀመጥበት፣ ችግኝ የሚተከልበትና አዲስ አባል የሚሠለጥንበት ቋሚ ቦታ የሚያስፈልገው ማኅበር ሒሳቡን በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ውል መፈረም የሚችል ሰውነት ይኑረው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት አባላት ተሰባስበው ማኅበር ማስመዝገብ ይችላሉ። ምዝገባው አድካሚ መስሏቸው ቦታውን በአንድ የታመነ አባል ስም የሚይዙ አሉ፤ ያ አባል ዲቪ ሲደርሰው፣ ሲፋታ ወይም ሲሞት የሚመጣውን ጣጣ ግን የመጀመሪያ ቀን አያዩትም። በአንጻሩ የተመዘገበ ማኅበር ቢፈርስ ንብረቱን አባላቱ እንደ ዕቁብ ሊከፋፈሉት እንደማይችሉ ቀድሞ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም «ያዋጣሁት ይመለስልኝ» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ቦታውን በነሐሴ ሄዳችሁ እዩት። በጥቅምት ያማረ ሜዳ በክረምት መኪና የሚውጥ መረሬ ሊሆን ይችላል፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደጋው ውርጭ ድንኳን ውስጥ ያለ ውኃ ሳይቀር ሊረጋ ይችላል። ውኃና መንገድ መኖሩን ማየት እንዳለባችሁ አልነግራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ይዞታውን ወደ ማጣራቱ እንምጣ። እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ባለ አንድ ወረዳ ደላላ ያገናኘን አርሶ አደር ከጅረት እስከ ጉብታ የተዘረጋ የሣር ሜዳ በእጁ እየጠቆመ «ይህ ሁሉ የእኔ ነው» አለን። ኅዳር ስለነበረ ሣሩ ታጭዶ ሜዳው እንደ ስጋጃ ተንጣሎ ነበር፤ እኛም ሦስት ሽማግሌዎች በምስክርነት የፈረሙበት የእጅ ውል ተዋውለን ቀብድ ከፈልን። በወሩ ድንኳናችንን ይዘን ስንመለስ ከብቶች ግማሹን ሜዳ ሞልተውት አገኘን። እረኞቹን ብንጠይቅ ከኮሶው ዛፍ በታች እስከ ጅረቱ ያለው የቀበሌው የወል ግጦሽ ነው አሉ፤ የአርሶ አደሩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲገለጥም እውነቱ ከእረኞቹ ጋር ነበር። በዚህ ላይ በደብተሩ ከአርሶ አደሩ ጋር ስሟ የሰፈረው ባለቤቱ ስለ ውሉ የሰማችው ያን ዕለት ነበር። ከቀብዱ ግማሹን ያገኘነው ከሁለት ዓመት ሽምግልና በኋላ ነው። አርሶ አደሩን አጭበርባሪ ለማለት አልደፍርም፤ ለዓመታት ከብቱን ያሰማራበትን ሜዳ የራሱ አድርጎ ቢያስብ አይገርምም፤ ጥፋቱ ደብተር ሳናይ ገንዘብ የቆጠርነው የእኛ ነው።

ስለዚህ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። በደብተሩ የባልና የሚስት ስም፣ የማሳው ስፋት በሄክታር እና በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑት ሰዎች ወይም ቦታዎች ሰፍረው ይገኛሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ፣ ማለትም ማሳው ተለክቶ የሚመዘገብበት ሥራ፣ ከተካሄደ ደግሞ ማሳው በካርታ ተሥሎ አለ። በአዋሳኝነት «ግጦሽ»፣ «መንገድ» ወይም «ደን» የሚል ቃል ካያችሁ ያ ወሰን በእግር ሳይለካ አይታለፍ። ከዚያም ባለይዞታዎቹን ራሳቸውን ይዛችሁ ወደ ወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በመሄድ ማሳው ክርክር፣ የውርስ ጥያቄ ወይም ሌላ የኪራይ ውል እንዳለበት፣ በአቅራቢያው ያለች ከተማ ፕላንም ይደርስበት እንደሆነ ጠይቁ። ደላላው «እኔ አጣርቻለሁ» ቢል አትስሙት።

ወሰኑን የምትዞሩት ከአዋሳኞቹ ጋር፣ በተለይም ከብት ወደ ቤት በሚገባበት የማታ ሰዓት ይሁን፤ የከብት መሄጃ በካርታ ላይ ባይኖርም ከብቶቹ መንገዳቸውን ያውቁታል። ከእኛ መካከል አንዱ በስልኩ የሳተላይት ምስል ወሰን ለማስመር ሞክሮ ነበር። ምስሉ ዛፍና አጥር ለመለየት ይጠቅማል፤ ነገር ግን የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል በጠባብ ማሳ ላይ ጠብ ከመፍጠር ያለፈ ፋይዳ የለውም። ከስልኩ ይልቅ የ50 ሜትር የልኬት ገመድና ችካል እመርጣለሁ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። የእጅ ውላችን ዋጋ ያጣው ሳይመዘገብ በመቅረቱም ጭምር ነው። አርሶ አደር ስንት ዓመትና ከይዞታው ምን ያህሉን ማከራየት እንደሚችል የሚወስነው የየክልሉ ሕግ ነው፤ ለምሳሌ የኦሮሚያው አዋጅ ቁጥር 130/1999 ኪራዩን በይዞታው ግማሽ፣ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ደግሞ በሦስት ዓመት ገድቦት ነበር። እነዚህ አዋጆች ስለሚሻሻሉ በሥራ ላይ ያለውን ከጽሕፈት ቤቱ ጠይቁ። በተጨማሪም የእርሻ መሬት ላይ ቤት መሥራት አጠቃቀምን መለወጥ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አንድ ብሎኬት እንኳ አታስቀምጡ።

በሁለተኛው ሙከራችን ያገኘነው መፍትሔ ከሣሩ ጋር የተያያዘ ነው። በሸዋ ደጋ የሣር ማሳ ክረምቱን ተከልሎ ቆይቶ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ባዶ ሜዳ ነው፤ ይህ ደግሞ እኛ ድንኳን የምንተክልበት ወቅት ነው። ስለዚህ ባለይዞታዎቹ ሣራቸውን እያጨዱ እንዲቀጥሉ፣ እኛም ከአጨዳ በኋላ ባሉት ወራት እንድንጠቀምበት ተስማማን። ኪራዩ ቀነሰ፤ ጥበቃውንም የራሱ የሆነ ማሳ ስለሆነ አርሶ አደሩ ሳይታክት ይሠራዋል።

በከተማ ክልል ቦታ መያዝ የሚፈልግ ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 721/2004 በተዘረጋው የሊዝ ሥርዓት በጨረታ መወዳደር ይኖርበታል። ከአሸነፈው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ አሥር በመቶ በቅድሚያ መክፈልና በተወሰነው ጊዜ ግንባታ መጀመር ግዴታ ስለሆነ፣ ለድንኳን አዳሪዎች የሚመከር አይደለም።

በውላችን ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለይተን ጽፈናል። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድ ማኅበሩ ለተከላቸው ዛፎች የሚሰጠው ካሣ ለማን እንደሚሆን፣ እሳት የሚነድበት ሥፍራ የት እንደሆነ፣ የከብት መሄጃውም ሁልጊዜ ክፍት እንደሚሆን ተገልጿል። ክፍያው በባንክ ብቻ የሚፈጸም ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚገባው በባልና በሚስቱ የጋራ ሒሳብ ነው።