ከሌላ ባህል ሰው ጋር ሲነጋገሩ ዝምታውንና «እሺ» የሚለውን እንዴት ይረዱታል?

ቋንቋው አንድ ሆኖም ጨዋታው አልጥም ሲል፣ ጣጣው ብዙ ጊዜ ከቃላቱ አይደለም። ተራ የሚለቀቅበት ጊዜና የ«እሺ» ትርጉም ከሰው ሰው ይለያያል።

1. ርቀቱን እሱ ይምረጥ። ሰላም ካሉት በኋላ ባሉበት ይቁሙ። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ሆል ለወዳጅ ጨዋታ ከ45 ሳንቲ ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ብሎ የለካው አሜሪካውያንን አይቶ ነውና ለሁሉም አይሠራም። ሲጠጋዎት አይሽሹ፤ ሲያፈገፍግ አይከተሉት።

2. ከጠየቁ በኋላ ዝም ይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ በ10 ቋንቋዎች የተካሄደ ጥናት፣ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በጃፓንኛ ከዜሮ ብዙም አይርቅም፤ በዴንማርክኛ ግን ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። ኢምንት ይመስላል፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል። በፍጥነት መመለስ የለመደው ሰው ትንሽ ዝም ሲባልበት «አልተስማማም» ወይም «አልገባውም» ብሎ ራሱ ይቀጥላል። ረጋ ብሎ የሚናገረው ደግሞ አፉን ሊከፍት ሲል ተራው ያልፈዋል። ሲለያዩ አንዱ «ለፍላፊ»፣ ሌላው «ኩሩ» ተብሎ ይታማል፤ ሁለቱም ግን የለመዱትን ነው ያደረጉት።

ስለዚህ ጠይቀው በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ጥያቄውን አይድገሙት፤ «ወይስ እንዲህ ነው?» እያሉም መልስ አይደርድሩለት፣ ለጨዋነት ሲል አንዱን ያነሳልዎታልና። በተቃራኒው ሳይጨርሱ የሚገባብዎት ሰው ካጋጠመዎት የሚለውን ያዳምጡ። የእርስዎኑ ሐሳብ እየደገፈ ከሆነ ጨዋታው ይዞታል ማለት ነው፤ ንግግርዎን አይቁረጡ። ርዕሱን ከቀየረ ግን ተራዎን ወስዶብዎታል።

3. «እሺ»ን በቀንና በሰዓት ይፈትኑ። ጃፓናዊ እያዳመጠ የሚጨምረው «ሃይ» ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» እንጂ «ተስማምቻለሁ» አይደለም። «ትንሽ ያስቸግራል» ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ብሎዎታል። «ይችላሉ?» ከማለት «መቼ ይደርሳል? በየት ይጀምሩታል?» ብለው ይጠይቁ። ቀን የሌለው መልስ ገና አልጸናም። ራስ መነቅነቅም ያሳስታል፦ በቡልጋሪያ ወደ ጎን ማወዛወዝ «አዎ»፣ ወደ ላይ መነቅነቅ «አይ» ነው። ከውጭ ሰው ጋር ሲሆኑ አንዳንዶቹ ስለሚገለብጡት ቃሉን ከአፉ ይስሙ።

4. ግብዣ ላይ። በኢራን በታአሮፍ ልማድ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ጨዋነት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጋብዙት። በኔዘርላንድስ ግን «አይ» ካሉ ሳህኑ ይነሳል፤ ከራብዎት በመጀመሪያው ይቀበሉ።

5. ካቋረጡት «ይቅርታ፣ ይቀጥሉ» ብለው ወዲያው ዝም ይበሉ። ማብራሪያ ማብዛት ራሱ ሌላ ማቋረጥ ነው።

የአገር ልማድ የመጀመሪያ ግምት ብቻ ነው፤ ዕድሜና ሥልጣን ብዙ ጊዜ ይበልጡታል። ሰውየው ከአለቃውና ከጓደኛው ጋር ሲያወራ ምን ያህል ዝም እንደሚል ካዩ፣ ለእርስዎ የሚያሳየው ዝምታ የትኛውን እንደሚመስል ያውቃሉ።