ለጡት ቀዶ ጥገና ብሎክ ስትሰጡ እነዚህን አትሳሳቱ

ደሴም ሆነ ወልድያ ለልምምድ የሚመጡ የአንስቴዥያ ተማሪዎች ብሎክ፣ ማለትም ነርቭን በመርፌ ማደንዘዝ፣ ይወዳሉ። ይውደዱ፤ እኔም እወዳለሁ። ጡቷ የሚነሳላት ሴት ደረቷ ደንዝዞ ስትነቃና በሕመም እየጮኸች ስትነቃ ልዩነቱን ያየ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ግን አንዳንዱን ስህተት ማየት ሰልችቶኛል። ስለ ንጽህናና ስለ ጓንት አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ የሚያናድደኝን ልተንፍስ። መድኃኒቱን ስሪንጅ ውስጥ ቀድተው ሲጨርሱ ነው ሂሳብ የሚያስታውሱት። ከደላንታ የመጡ እናት ነበሩ፤ ክብደታቸው 42 ኪሎ። ተማሪው 0.5 ፐርሰንት ቡፒቫኬይን የተባለውን ማደንዘዣ 30 ሚሊ ቀድቶ፣ የአልትራሳውንዱን ፕሮብ ጄል ቀብቶ ቆሟል።

«ስንት ሚሊግራም ነው?» አልኩት።

«30 ሚሊ።»

«ሚሊግራም ነው ያልኩህ!»

ዝም። እስኪ አብረን እንሥራው። 0.5 ፐርሰንት ማለት በአንድ ሚሊ 5 ሚሊግራም ነው። 30 ሚሊ ሲሆን 150 ሚሊግራም። በኪሎ 2 ሚሊግራም ብንይዝ የእኚህ እናት ጣሪያ 84 ነው። እጥፍ ሊሞላ ምን ቀረው? «መጽሐፉ ለፔክስ 10 ሚሊና 20 ሚሊ ይላል» አለኝ፤ ፔክስ በደረት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠው ብሎክ ነው። ይላል። ግን 0.25 ፐርሰንቱን ስጥ፤ 75 ሚሊግራም ይሆናል፣ 30 ሚሊውም ሳይቀንስ ቦታውን ይሞላል። ደግሞ ክብደት በዓይን አይገመትም። እዚህ አገር ካንሰሩ ቆይቶ የሚመጣባቸው ብዙ ናቸው፤ ጋቢውና ቀሚሱ ሲወልቅ ከሥሩ ያለው ሰውነት ሌላ ነው። ሚዛን ላይ አቁሟቸው።

ነገሩ በዚህ አያልቅም። ሰርጅኑ ታጥቦ ይገባና «እስቲ እኔም ትንሽ ላደንዝዝ» ብሎ ሌላ ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር፣ ይጠይቃል። ሲስተር ታቀብለዋለች። ማን ደመረው? ማንም። «ሊዶኬይን የራሱ ጣሪያ አለው» የምትሉኝ አላችሁ። አትሞኙ፤ የሁለቱ መርዝነት ይደመራል። ከ84ቱ 75ቱን ከሰጣችሁ የቀራችሁ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር በኪሎ 7 ሚሊግራም ብላችሁ ብታሰሉት፣ ለሰርጅኑ የሚተርፈው ከ2 ፐርሰንቱ አንድ ሚሊ ተኩል ቢሆን ነው። እሱ የሚጠይቀው ስንት ነው? 10 ሚሊ! ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት አፍ አውጥታችሁ «ዶክተር፣ ጣሪያው ሞልቷል» በሉ። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ።

ምላሴ ደነዘዘ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ ካሉ መርፌውን አቁሙ። ከዚያ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ነው፤ ከዚያ ልብ። ሰው አስተኝታችሁ ብሎክ ከሰጣችሁ ደግሞ ይህን የሚነግራችሁ የለም። የዚህ መርዝ ማርከሻ የሆነው 20 ፐርሰንት ሊፒድ (በደም ሥር የሚሰጥ የስብ ፈሳሽ) የት እንደተቀመጠ ሳታውቁ መርፌ አታንሱ። መነሻው በኪሎ 1.5 ሚሊ ነው፤ ለእኚያ እናት 63 ሚሊ። ቁልፉ ፋርማሲ ውስጥ፣ ፋርማሲስቱ ምሳ ላይ ከሆነ የለም ማለት ነው። ልብ ካቆመ አድሬናሊኑን በጥቂት በጥቂቱ ስጡ፣ ደረት መጫኑንም ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉ። ምንም ባይፈጠር እንኳ ከወጋችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ከአጠገባቸው አትጥፉ።

እፎይ። ወደ ሌላው።

ጎን መሳሳት። ቀኝና ግራውን ቻርት ላይ እዩ፣ ምልክቱን እዩ፣ እሳቸውንም ጠይቁ፤ መርፌው ቆዳ ሊነካ ሲል እንደገና።

«ብሎኩ አልሠራም» ማለት። በአምስት ደቂቃ ምን እንዲሠራ ፈለጋችሁ? 15፣ 20 ደቂቃ ስጡት። በበረዶ ወይም በአልኮል ጥጥ ቅዝቃዜ ፈትኑ። ሳይጠብቁ ሌላ 10 ሚሊ የሚጨምር ሰው ካየሁ ወደ ላይኛው ሂሳብ እመልሰዋለሁ።

ፔክስ ሁሉንም ያደነዝዛል ብሎ ማመን ሌላው ነው። የአንስቴዥያ ሐኪሙ ራፋኤል ብላንኮ በፈረንጆቹ 2011 ያወጣውና በ2012 ያሻሻለው ይህ ዘዴ ግሩም ነው፤ በተለይ ከብብት በኩል። ጡት ግን ነርቭ የሚያገኘው በዋናነት ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው የደረት ነርቭ ነው፤ ወደ ደረት አጥንቱ የሚወጡትን የፊተኞቹን ቅርንጫፎች ፔክስ አያገኛቸውም። ሰርጅኑ ወደ መሃል ሲደርስ ሴትየዋ ትሸማቀቃለች። ያኔ «ብሎኩ ወደቀ» አትበሉ፤ ድሮም እዚያ አልነበረም። ያለ ሙሉ ሰመመን ልሥራ የምትሉ ከሆነ ከአከርካሪው ጎን የሚሰጠው ፓራቨርቴብራል ይሻላል፤ እሱን ደግሞ የለመደ እጅ ይሥራው። ከጀርባ የሚሰጠው ኢሬክተር ስፓይኔ ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ወደ ፊት መድረሱ ግን አያስተማምንም።

የመርፌው ጫፍ ካልታየ አትግፉ። ቀጭን ሴት ላይ ከጡንቻው ሥር እስከ ሳንባ ሽፋን ያለው ርቀት ኢምንት ነው። የጎድን አጥንቱን ከመርፌው ፊት አድርጉት፤ ብትስቱ አጥንት ትነካላችሁ እንጂ ሳንባ አትወጉም። በሁለቱ የደረት ጡንቻዎች መካከል የደም ሥር ያልፋል፤ የአልትራሳውንዱን ከለር (የደም ፍሰት የሚያሳየውን ቀለም) አብርታችሁ ፈልጉት። መብራት ጠፍቶ የአልትራሳውንዱ ባትሪ ሞቶ ከሆነ መርፌውን አውጡ። በግምት አትጨርሱ።

በደም ሥር የሚገባው መስመርም የደም ግፊት መለኪያውም ቀዶ ጥገና በማይደረግበት ጎን እጅ ይሁን።

ብብት የሚጸዳ ከሆነ ለሰርጅኑ ቀድማችሁ ንገሩት። በብብት በኩል የሚያልፈውን ሎንግ ቶራሲክ ነርቭ ነካክቶ ጡንቻው ሲዘል በማየት የሚለይ ከሆነ፣ ብሎካችሁ ነርቩን አደንዝዞበት ሊሆን ይችላል።

ቡና። «ምንም አልቀመስኩም» ይሏችኋል፤ እውነታቸውን ነው። ወሎ ውስጥ ቡና መቅመስ አይባልም። «ቡናስ?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ወተት የሌለው ከሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ወተት ካለበት ስድስት። ብሎክ ብቻ ነው ብላችሁ ጾሙን አትለፉት፤ መሃል ላይ ወደ ሙሉ ሰመመን መግባት አለ።

እናቶቻችንን ደረታቸውን ገልጣችሁ አታስጠብቁ። የምትወጉትን ጎን ብቻ ግለጡ፣ ሌላውን በነጠላቸው ሸፍኑ። አንድ «አብሽሩ» ከማረጋጊያው ሚዳዞላም በፊት ይሰጥ።

የመጨረሻው ማታ የሚመጣው ነው። ጠዋት አራት ሰዓት የተሰጠ ብሎክ ብዙ ጊዜ ማታ ይለቃል። ቻርቱ ላይ ግን «ካመማት ትራማዶል» (ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ) ተብሎ ተጽፏል። ብሎኩ ስለሠራ ፓራሲታሞሉን የረሳ ሰው የጻፈው ነው። ተረኛዋ ነርስ ዞራ «ያምዎታል?» ትላለች። መልሱ ይታወቃል፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ወይም «ተመስገን»። ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የሚሉት። «ካመማት» የሚለውን ሰርዙ። የጉበት ችግር ከሌለና ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስድስት ሰዓቱ ብላችሁ ጻፉ፤ ከዚያ በታች ለሆኑት በኪሎ 15 ሚሊግራም አስሉት። የመጀመሪያው ብሎኩ ሳይለቅ ይሰጥ። ነርሷም ያምዎታል ከማለት «እስቲ ያስሉ፣ እጅዎን ከፍ ያድርጉ» ትበል፤ ካልቻሉ ትራማዶሉን ትስጥ።