ከባድ ሸክምና የጀርባ ቦርሳ፦ የቱ ጋ ነው የሚያማችሁ?

ቤቴ ከቡራዩ አስፋልት ወደ ላይ ነው። ታክሲው አስፋልቱ ላይ ያወርደኛል። ከዚያ ያለው ዳገት በበጋ ለባጃጅ ይሆናል፣ ሐምሌ ከገባ ግን ጭቃው ባጃጅም ጫማም ይውጣል። ስለዚህ ዘይቱም፣ ዱቄቱም፣ ድንቹም፣ አንዳንዴ የሥራ መሣሪያውም በጀርባዬ ነው የሚወጣው። እሁድ ሲሆን ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ወጨጫ ተራራን እንወጣለን፤ ያኔም ውሃውና ድንኳኑ "አንተ ለምደኸዋል" እየተባለ እኔ ላይ ይከመራል።

እስካሁን ሦስት ቦርሳ ጨርሻለሁ። አራተኛው መርካቶ ሰልባጅ ከሚሸጡ ልጆች ያገኘሁት የአዳኝ ቦርሳ ነው። ውጭ አገር አዳኞች ሥጋ ከጫካ የሚያወጡበት ዓይነት። ከረጢቱ ከፍሬሙ፣ ማለትም ከጀርባ በኩል ቅርጹን ከሚይዘው ጠንካራ አጽም ጋር የተሰፋ አይደለም፤ የጎን ማሰሪያዎቹን ስታላሉ ከረጢቱ ከፍሬሙ ራቅ ይልና መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ይተዋል። ሥጋው እዚያ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይታሰራል። እኔ አዳኝ አይደለሁም። አገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው፣ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የምኒልክ ድኩላ ቢያጋጥማችሁ የምታወጡት ካሜራ ነው። ግን ለሥጋ የተሠራ ቦርሳ ለድንችም ይሆናል፤ ለቅርጫ ሥጋማ ምን ይወጣለታል!

ቦርሳ እንድመርጥለት የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው "ስንት ሊትር ይሁን?" ነው። እኔ የምጠይቀው የቱ ጋ እንደሚያመው ነው። የሚያማችሁን ቦታ ካወቅን ቦርሳው ምን እንደጎደለው እናውቃለን።

"ትከሻዬን ይቆርጠኛል፣ ጣቶቼም ይደነዝዛሉ"

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው ማንገቻው ቀጭን ስለሆነ ይመስለዋል፣ ስፖንጅ ያስጨምራል፣ ለሁለት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። ምክንያቱ ሸክሙ በሙሉ ትከሻ ላይ መዋሉ ነው። ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱ ነርቮች በትከሻ በኩል ያልፋሉ። ማንገቻው ለረጅም ሰዓት ሲጫናቸው ነው ጣት የሚደነዝዘው። መደንዘዝ ከጀመረ ቦርሳውን አውርዱት፣ "ትንሽ ነው የቀረኝ" አትበሉ። ካወረዳችሁት በኋላ ክንዳችሁ ከደከመ ወይም ድንዛዜው ከቀጠለ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከባድ ሸክም መቀመጥ ያለበት ዳሌ ላይ ነው። ጥሩ የወገብ ቀበቶ ያለው ቦርሳ አብዛኛውን ክብደት ወደ ዳሌ ያወርደዋል፣ ትከሻ የሚቀርለት ቦርሳው እንዳይወዛወዝ መያዝ ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይታችሁ ከሆነ፣ እስሩ የሚያርፈው ከወገባቸው በላይ ነው፣ ገመዱ ደረትና ትከሻ ላይ ነው። ከ30 ኪሎ በላይ የሚሆን እንጨት ያለ ፍሬምና ያለ ቀበቶ። ያን ያህል የሚጎነበሱትም ለዚህ ነው፤ ክብደቱን ዳሌያቸው ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ስለሌላቸው በጀርባቸው ያስቀምጡታል።

እንግዲህ ቀበቶው ዳሌ ላይ እንዲያርፍ ቦርሳው ከጀርባችሁ ርዝመት ጋር መግጠም አለበት። የቁመታችሁን ነገር እርሱት፣ ረጅም ሆኖ ጀርባው አጭር የሆነ ሰው ሞልቷል። አለካኩ ቀላል ነው፣ ሜትር የሚይዝ ሰው ብቻ ያስፈልጋችኋል። አንገታችሁን ወደ ፊት ደፋ አድርጉ፤ አንገትና ጀርባ የሚገናኙበት ላይ ጎልታ የምትወጣ አጥንት አለች፣ መነሻው እሷ ናት። ከዚያ ሁለት እጃችሁን የዳሌ አጥንታችሁ አናት ላይ አድርጋችሁ አውራ ጣቶቻችሁን ወደ ኋላ ዘርጉ። በአውራ ጣቶቹ መሃል ያለው መስመር መጨረሻው ነው። የብዙ አዋቂ ሰው ልክ ከ40 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር መሃል ይወድቃል። የተማሪ ቦርሳ ቀበቶ ቢኖረው እንኳ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለመሮጥ ካልሆነ አይጠቅምም።

ስትለብሱትም ቅደም ተከተል አለው። ሁሉንም ማሰሪያ አላሉ። ቦርሳውን አንገቡና ቀበቶውን የዳሌ አጥንት አናት በግማሽ እንዲያልፈው አድርጋችሁ ቆልፉ፣ ጥብቅ አድርጉት። ቀጥሎ ማንገቻውን ሳቡ፣ ትከሻን እስኪነካ ብቻ። ከማንገቻው አናት ወደ ቦርሳው የምትሄድ ቀጭን ማሰሪያ ካለች እሷን ሳብ አድርጉ፤ ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል ብላ ወደ ላይ ከሄደች ልክ ነው። ወደ ታች ከሄደች ፍሬሙ ለእናንተ አጭር ነው፣ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙት። የደረቷ ማሰሪያ የምትቆለፈው መጨረሻ ላይ ነው።

"ወደ ኋላ ይጎትተኛል"

ዳገት ስትወጡ አገጫችሁ ጉልበታችሁን ሊነካ ከደረሰ ዕቃው ከጀርባችሁ ርቋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የማየው 5 ሊትር ዘይት በውጭኛው ኪስ፣ ልብስ በጀርባ በኩል ሆኖ ነው። ገልብጡት። ከባዱ ከጀርባችሁ ጋር ተጣብቆ፣ ከወገብ በላይ ከትከሻ በታች ይሁን። ቀላሉ ከታችና ከውጭ። የአዳኝ ቦርሳ ሚስጥሩም ይኸው ነው፣ ሥጋው ፍሬሙ ላይ ይለጠፋል፣ ልብስና ድንኳን የያዘው ከረጢት ከላዩ ይጨመቃል። ድንጋያማ ቁልቁለት ከሆነ ግን ከባዱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይሻላል፣ ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል። ወጨጫ ላይ ዘለል ዘለል ስል ውሃው ከላይ ሆኖ በደረቴ ሊደፋኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ከመውረዴ በፊት ቁጭ ብዬ እንደገና እጭናለሁ፣ ጓደኞቼ ቢስቁም።

ባዶ ቦታ ከቀረ የጎኑን ማሰሪያ ሳቡ። ሲራመዱ የሚወዛወዝ 15 ኪሎ ከማይነቃነቅ 20 ኪሎ ይብሳል።

"ቀበቶው ይንሸራተታል"

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የቀበቶው ሁለት ስፖንጆች ፊት ለፊት ከተጋጠሙ ቀበቶው ለእናንተ ሰፊ ነው፣ ከዚያ በላይ ሊጠብቅ አይችልም። በመሃላቸው ክፍተት መኖር አለበት። ሁለተኛ፣ የሱሪ ቀበቶና ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፦ አውጧቸው፣ ሱሪውን በላስቲክ ወይም በክር እሰሩት። ሦስተኛው የከፋው ነው፤ ፍሬሙ እየታጠፈ ነው። ከባድ ስትጭኑ ቦርሳው ከመሃል ይሰበርና እንደ ጆንያ ቁጭ ይላል፣ ያን ጊዜ ቀበቶውን ብትሰቅሉትም ተመልሶ ይወርዳል።

ለእሱ መድኃኒት አለው፣ ብዙ ወጪም የለውም። መጀመሪያ እኔ 8 ሚሊ ፌሮ አስገባሁበት። ሠራ። ግን 60 ሳንቲ ሜትር ሁለት ፌሮ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ነው፣ ክብ ስለሆነም በውስጡ እየዞረ ጨርቁን ቀደደው። ከዚያ አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ልጆች ጋ ሄጄ ቁራጭ ጠየቅኩ። ጠፍጣፋ፣ ስፋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ ሁለት ፍሬ። ክብደታቸው ከፌሮው ግማሽ ነው። ጫፋቸውን በሞረድ አለስልሱ፣ በካላማዳሪያ ጠቅልሉ፣ እንደ ጀርባችሁ ቅርጽ ጉልበታችሁ ላይ ቀስ እያላችሁ አጉብጡ፣ ወገብ ጋ ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ኋላ መለስ። ከውስጥ በጀርባው በኩል ሁለት ጠባብ ኪስ ጫማ ሰፊ ያሰፋላችኋል። የኪሱ ታችኛ ጫፍ ከወገብ ቀበቶው ጋር መሰፋት አለበት፣ ያለበለዚያ ብረቱ ሸክሙን የሚያወርደው ዳሌ ላይ ሳይሆን ቦርሳው ቂጥ ላይ ነው።

"ማንገቻው ከሥሩ ተበጠሰ"

የሁለተኛው ቦርሳዬ መጨረሻ ይሄ ነበር። 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ፣ ማለትም 20 ኪሎ ላይ ጄሪካኑ ራሱ፣ ዳገቱ መሃል ላይ። ጄሪካኑ እየተንከባለለ ሄዶ የጎረቤት አጥር ነው ያስቆመው። ማንገቻው በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ነበር የተያዘው። አዲስ ስትገዙ ማንገቻው የገባበትን ቦታ ገልብጣችሁ እዩ፤ አራት ማዕዘን ስፌት ሆኖ በመሃሉ የኤክስ ምልክት ካለው ጥሩ ነው። ከሌለው ሳይበጠስ ጫማ ሰፊ ጋ ውሰዱት። ከውስጥ በኩል ቁራጭ ቆዳ ወይም ሸራ ደርቦ፣ ሰም በተቀባ የናይለን ክር ይስፋው። ልብስ ሰፊ ጋ አትውሰዱት፣ መኪናውም ክሩም ለዚህ አልተሠራም።

ዘለበት ቢሰበር ደግሞ መንገድ ላይ አትቀሩም፣ ሁለት ሜትር ገመድ ኪስ ውስጥ ካለ። የወገቡ ዘለበት ግን ቤት መለዋወጫ ይኑረው።

"ሥጋው ሸተተ፣ ቦርሳውም አብሮ"

ለፋሲካ ቅርጫ ስትገቡ የምታገኙት ችግር ነው። ገና ሙቀቱ ያልወጣለትን ሥጋ በፌስታል ጠቅልለው ዚፑን ዘግተው አንድ ሰዓት ይሄዳሉ። ሙቀትና እርጥበት የሚወጣበት ሲያጣ ሥጋ ይበላሻል፣ አዳኞችም አጥብቀው የሚጠነቀቁት ይህንኑ ነው። አቡጀዲ ግዙና ከረጢት አሰፉ፣ ሁለት ሦስት ይሁን። ሥጋው ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ አቡጀዲው ውስጥ ገብቶ ይታሰር። ላስቲክ ከፈለጋችሁ በሥጋውና በጀርባችሁ መሃል ብቻ ይነጠፍ፣ ሥጋውን አይጠቅልል።

ደም የነካውን ቦርሳ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ። ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያስቀረዋል፣ ያን ጊዜ የሠፈር ውሻ ሁሉ ወዳጃችሁ ይሆናል።

"ጭኔ ፊት ለፊት ይደነዝዛል"

ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ወርዶ ብሽሽት አካባቢ ያለውን ነርቭ እየተጫነ ነው። ከፍ አድርጉት፣ ትንሽም አላሉት።

"ውስጡ ነጭ ነጭ ይረግፋል፣ ዝናብም ያስገባል"

ሰልባጅ ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው። ውሃ የሚከለክለው ቅባት አርጅቷል። ስትገዙ እጃችሁን ወደ ውስጥ ስደዱ፤ ከተጣበቀ ወይም ላስቲክ ላስቲክ ከሸተተ ዋጋ አስቀንሱ እንጂ በዚህ ብቻ አትተዉት። ክረምት ላይ አብዛኛው ቦርሳ በስፌቱ ያስገባል። ወፍራም ትልቅ ላስቲክ ከውስጥ አልብሱትና ዕቃውን እዚያ ውስጥ ክተቱ። ከላይ የሚለበሰው ሽፋን ነፋስ ይገልጠዋል፣ በጀርባ በኩል የሚወርደውን ውሃም አይከለክልም።

ታዲያ ሊገዛ የሄደ ሰው ምን ያድርግ?

ባዶ ቦርሳ ለብሶ መስታወት ማየት ዋጋ የለውም፣ ባዶ ሲሆን ሁሉም ይመቻል። ከጎን ካለው ሱቅ ስድስት ባለ 2 ሊትር ውሃ የያዘ እሽግ ለምኑ ወይም ግዙ፣ 12 ኪሎ ነው። ሁለት እሽግ ከሆነ 24። ጫኑት፣ ቀበቶውን ቆልፉ፣ ከዚያ ማንገቻዎቹን ሙሉ በሙሉ አላሉ። ቦርሳው ዳሌያችሁ ላይ ከቆየ ፍሬሙም ቀበቶውም ይሠራሉ። ተንሸራቶ ከወረደ ወይም ከመሃሉ ከታጠፈ "ኦርጅናል ነው" የሚለውን ሻጭ አመስግናችሁ ቀጥሉ። አሥር ደቂቃ ሂዱበት፣ ሻጩ ጠፋችሁ ብሎ እንዳይጨነቅ ስልካችሁን አስይዙ።

ሊትሩን ካላችሁ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከ65 እስከ 80 ይበቃል። ከዚያ በላይ የሆነውን ባዶ ቦታ ሰው ሁልጊዜ ይሞላዋል። ባዶውን ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ቢመዝን አትደንግጡ፣ ክብደቱ ፍሬሙና ቀበቶው ነው።

ስንት ኪሎ ልሸከም ለሚል፦ ለዕለት ተዕለት ከክብደታችሁ ሩብ ገደማ ላይ ቁሙ። 60 ኪሎ ሰው 15 ኪሎ። ከዚያ በላይ የሚቻለው ለአጭር መንገድ፣ በተለማመደ ሰውነት ነው፣ አዳኞችም ትልቅ እንስሳ ሲሆን ቆራርጠው ተመላልሰው ነው የሚያወጡት። እኛ ጋ ደግሞ ከተማው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የወጨጫና የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ አብሯችሁ ካለ መጀመሪያ ቀን የእሱን ድርሻ ተካፈሉለት።

አንድ ጎረቤቴ ባለፈው ለሲሚንቶ የሚሆን ቦርሳ ጠየቀኝ። ሲሚንቶ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። አስፋልቱ ዳር ያሉትን ባለ አህዮች አሳየሁት።