የባቡር ቅርስ ልደት በዓል፦ ተቋማት ተጣምረው እንዴት ያዘጋጁታል?

አንድ የባቡር መስመር 100 ወይም 150 ዓመት ሊሞላው ሲል በዓል ለማዘጋጀት የተነሳ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር አለ። የሚያስፈልገው ሁሉ ያለው የተለያየ ሰው እጅ ላይ ነው። ሎኮሞቲቩ (ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር) ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ሐዲዱ የባቡር ድርጅቱ ነው። የጣቢያው አደባባይ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ፎቶዎች ጡረታ በወጡ ሠራተኞች ቤት፣ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። ገንዘቡ ደግሞ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ዘንድ ላይኖር ይችላል። ያለ አጋር ባቡሩ ከቆመበት አይነሳም። አጋርነቱ እንዴት እንደሚገነባ በቅደም ተከተል እንየው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቀን ቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ

ግንባታው የተጀመረበት፣ የመጀመሪያው ባቡር የሄደበትና መስመሩ የተመረቀበት ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ሊሆኑ ይችላሉ። የቱን እንደምታከብሩ ቀድማችሁ ተስማሙ። ካልሆነ እያንዳንዱ ተቋም የየራሱን ቀን ይዞ ይመጣል።

የበዓሉ ቀን ከታሪካዊው ቀን ጋር የግድ መግጠም የለበትም። በእንግሊዝ የስቶክተንና ዳርሊንግተን የባቡር መስመር የተከፈተው ሴፕቴምበር 27 ቀን 1825 ነው። 100ኛ ዓመቱ የተከበረው ግን በጁላይ 1925 ነበር። በዚያ ሰሞን ዓለም አቀፍ የባቡር ጉባኤ ለንደን ላይ ስለነበር፣ የጉባኤው እንግዶች በበዓሉ እንዲገኙ ታስቦ ነው። 200ኛ ዓመቱ በ2025 ሲመጣ ደግሞ በዓሉ ወራት የፈጀ ፌስቲቫል ሆነ። ለልደቱ ሰሞን፣ በ1825 የመክፈቻውን ባቡር የጎተተው «ሎኮሞሽን ቁጥር 1» የተባለው ሎኮሞቲቭ አምሳያ በጥንቱ መስመር ላይ ተጓዘ።

ወደ ኋላ ስትቆጥሩ በቂ ጊዜ ያዙ። የአሜሪካው የባቡር ድርጅት ዩኒየን ፓሲፊክ፣ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው መስመር በ2019 ለሚከበረው 150ኛ ዓመቱ «ቢግ ቦይ 4014» የተባለውን ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ማንቀሳቀስ ፈለገ። ከካሊፎርኒያ ሙዚየም የተረከበው በ2013 ነው። ሎኮሞቲቩ በራሱ እንፋሎት የተንቀሳቀሰው ግን በዓሉ ሊከበር ቀናት ሲቀሩት፣ በሜይ 2019 ነው። ስድስት ዓመት ማለት ነው። የእናንተ በዓል ቆሞ የሚታይ ሎኮሞቲቭ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል አያስፈልግም። ቦይለር (እንፋሎቱ የሚመነጭበት የውኃ ጋን) የሚፈላ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ቦይለሩን የሚመረምር ባለሙያ አነጋግሩ።

2. ማን ምን እንዳለው ጻፉ

አንድ ትልቅ ወረቀት ይበቃል። በአንድ በኩል የሚያስፈልገውን፣ በሌላው በኩል ያለውን ተቋም አስፍሩ። ሐዲድና ፈቃድ፣ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ፣ መዝገብና ፎቶ፣ አደባባይና ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት፣ ገንዘብ፣ በጎ ፈቃደኛ። ባዶ የቀረው መስመር ቀጥሎ ማንን እንደምታነጋግሩ ይነግራችኋል።

ወደ አንድ ተቋም ስትሄዱ «ደግፉን» ብላችሁ አትጀምሩ። እነሱ ከዚህ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቁ። የባቡር ድርጅት ወጣት ሠራተኛ መሳብ ይፈልግ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የምርምር ሥራ ይፈልጋል። ከተማው ጎብኚ ይፈልጋል። ፍላጎቱ የታወቀ አጋር እስከ መጨረሻው አብሮ ይዘልቃል። ለትብብር ሲል ብቻ ስሙን ያስጻፈው ግን በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ይጠፋል።

3. ማን እንደቀረ ጠይቁ

ለእኔ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘው የባቡር መስመር በዩታ ግዛት፣ ፕሮሞንቶሪ ላይ የገጠመው ሜይ 10 ቀን 1869 ነው። ከምዕራብ በኩል የመጣውን ክፍል በአብዛኛው የገነቡት ከ10 ሺህ የሚበልጡ ቻይናውያን ናቸው። በ1969 100ኛ ዓመቱ ሲከበር አንድ የቻይናውያን የታሪክ ማኅበር ተወካይ እንዲናገር ታስቦ ነበር። በመጨረሻ ግን ዕድሉ ሳይሰጠው ቀረ። የዕለቱ ዋና ተናጋሪ የነበሩት ሚኒስትርም ያን ሁሉ ዋሻ ሊፈለፍል የሚችለው አሜሪካዊ ብቻ እንደሆነ አድርገው አወደሱ። የቻይናውያኑ ልጆችና የልጅ ልጆች ያን ቀን ለዓመታት አልረሱትም። በ2019 በተከበረው 150ኛ ዓመት ላይ ግን የሠራተኞቹ ዘሮች መድረክ ላይ ወጥተው ተናገሩ።

50 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ተመልከቱ። ሐዲዱን ያነጠፉት ሠራተኞች ዘሮች አሉ? ትኬት ቆራጮቹ፣ ሐዲድ ጠጋኞቹ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ መስመሩ ሲያልፍ መሬታቸውን ያጡት ቤተሰቦች? ፕሮግራሙ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ እነሱን መጥራት ማስታወቂያ ላይ ስም መጨመር ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ጥሩአቸው። የመወሰን ድምፅም ስጧቸው። አረጋውያን ከሆኑ ስብሰባውን እነሱ ወዳሉበት ውሰዱት።

4. በወረቀት ተስማሙ

የመግባቢያ ሰነዱ ረጅም መሆን የለበትም። ሁለትና ሦስት ገጽ ይበቃዋል። እነዚህን ግን ይመልስ፦ የመጨረሻ ውሳኔ የማን ነው? ገንዘቡ በማን ሒሳብ ይገባል? ማን ይፈርማል? አንድ አጋር ቢወጣ ምን ይሆናል? የፎቶና የቪዲዮው መብት ለማን ነው? የሎጎዎቹ ቅደም ተከተል እንኳን ይጻፍ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ኩርፊያ የሚነሳው ግን ከዚያ ነው።

አንድ ሰው አስተባባሪ አድርጉ። የሁሉም ተቋም ተወካይ የየቤቱ ሥራ አለበት። ይህ አንዱ ሰው ግን ሥራው በዓሉ ብቻ ይሁን። ደመወዙን አጋሮቹ ተካፍለው ይክፈሉ። በየስብሰባው መጨረሻ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ በቃለ ጉባኤው ይስፈር።

በጀት ላይ በዓይነት የሚሰጠውንም ቁጠሩ። አዳራሽ፣ መኪና፣ ጥበቃ፣ የባለሙያ ሰዓት ሁሉ ዋጋ አለው። በገንዘብ ተምኑና መዝግቡ። ትንሹ ማኅበርም ምን ያህል እንደሰጠ የሚታየው እንዲህ ነው።

5. ደህንነትን ለአንድ አጋር አትተዉ

የእንግሊዙ የሊቨርፑልና ማንቸስተር መስመር ሴፕቴምበር 15 ቀን 1830 ሲመረቅ ባቡሩ ውኃ ለመሙላት ቆመ። እንግዶቹ እንዳይወርዱ ቢነገራቸውም ወደ ሐዲዱ ወረዱ። የሊቨርፑሉ የፓርላማ አባል ዊሊያም ሁስኪሰን በአጠገባቸው ባለፈችው «ሮኬት» በተባለች ሎኮሞቲቭ ተመትተው ያንኑ ምሽት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው ተለውጧል። ፎቶ ለማንሳት ሐዲድ ላይ የሚቆም ሰው ግን ዛሬም አለ።

ስለዚህ የባቡር ድርጅቱ፣ ፖሊስ፣ የእሳት አደጋና የሕክምና ቡድኖች አንድ ላይ መስመሩን በእግራቸው ይሂዱበት። ሕዝቡ የት ይቆማል? አጥሩ የት ይሁን? ባቡሩን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማነው? አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙንም ሁሉም ይወቀው።

ቅርሱም ጠባቂ ይፈልጋል። ጀርመኖች ለባቡራቸው 100ኛ ዓመት በ1935 የሠሯት፣ «አድለር» የተባለችው የጥንት ሎኮሞቲቫቸው አምሳያ በ2005 ኑረምበርግ ውስጥ ማደሪያዋ በእሳት ሲያያዝ ክፉኛ ተጎዳች። እንደገና ለመሥራት ዓመታት ፈጀ። በውሰት የምታመጡት ዕቃ የት እንደሚያድር፣ መድኑን ማን እንደሚከፍልና ሲመለስ ማን እንደሚፈትሸው ከመምጣቱ በፊት ይጻፍ።

6. የሚቀረውን ቀድማችሁ ወስኑ

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ምን ይቀራል? እንግሊዞች የዮርኩን ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም የከፈቱት ሴፕቴምበር 27 ቀን 1975 ነው፤ በትክክል በስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር 150ኛ ዓመት ልደት ቀን። ሁሉም ሙዚየም መክፈት አይችልም። የአረጋውያኑን ድምፅ መቅዳት ግን ሁሉም ይችላል። አንዱ አጋር መቅጃ ያቀርባል፣ ሌላው ተማሪዎቹን ይልካል፣ ቤተ መዛግብት ደግሞ ይረከባል። ይህን ሥራ ከበዓሉ አንድ ዓመት በፊት ጀምሩት። ለባቡሩ አረጋዊ ነጂ የበዓሉን ቀን ቀጠሮ ሰጥታችሁት ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን ዛሬ ሊያወራችሁ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።