ኤልሳት ላይ ሎጂካል ሪዝኒንግ፦ መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ሰዓቱ

አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር ኤልሳት ልትፈተኑ ነው? እንግዲያው ሎጂካል ሪዝኒንግን፣ ማለትም አጭር ክርክር አንብባችሁ የምትመዝኑባትን ክፍል፣ አጥብቃችሁ ያዟት። ከኦገስት 2024 ወዲህ ሎጂክ ጌም የሚባለው የእንቆቅልሽ ክፍል ቀርቷል፤ ነጥብ ከሚያዝባቸው 3 ክፍሎች 2ቱ ሎጂካል ሪዝኒንግ ናቸው። በ35 ደቂቃ 25 ገደማ ጥያቄ ይመጣል። ለአንዱ 84 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጥና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰዓት ይዞ ይለማመዳል። እባካችሁ ይቅርባችሁ። በዚህ መንገድ የምትለምዱት ቶሎ መሳሳትን ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ሰዓት ሥሩ። እያንዳንዱን ምንባብ ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ሰውዬው ምን ሊያሳምነኝ ነው? በምን ማስረጃ? ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ደግሞ በማስረጃውና በድምዳሜው መካከል ያለውን ክፍተት በራሳችሁ አማርኛ ተናገሩት።

ለምሳሌ፦ «ካፌው ዋጋ ከጨመረ ወዲህ ደንበኛው ቀንሷል፤ ስለዚህ ደንበኛውን ያሸሸው ዋጋው ነው።» ይህን የሚያዳክመው የቱ ነው? «የቡናው ጥራት አልተለወጠም» የሚል ምርጫ ታያላችሁ። ስለ ካፌው ስለሚያወራ ዓይን ይስባል፣ ግን ሌላ ምክንያት ስለሚያስወግድ ጭራሽ ሐሳቡን ያጠነክረዋል። «በዚያው ሳምንት መንገዱ ለጥገና ተዘግቷል» የሚለው ነው የሚያዳክመው። ክፍተቱን («ሌላ ምክንያትስ ቢኖር?») አስቀድሞ ያየ ሰው እዚህ ላይ 10 ሴኮንድም አይፈጅበትም። ፍጥነት የሚመጣው ከዚህ ነው።

«አንለስ» (unless) የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ሰው ትጥላለች። እኛ ግን «ካል» አለችን፦ ትኬት ካልያዝክ አትገባም። የያዘ ሁሉ ይገባል ግን አላለም፤ አዳራሹ ሞልቶ ሊመለስም ይችላል።

ያለ ሰዓት ስትሠሩ አብዛኛውን ማግኘት ስትጀምሩ ሰዓቱን አምጡት። የመጀመሪያዎቹ 10 ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ቀለል ስለሚሉ በ12 ደቂቃ ለመጨረስ ሞክሩ። አንዱ ጥያቄ ላይ ደቂቃ ተኩል ካለፈና አሁንም ሁለት ምርጫ መሃል ከሆናችሁ አንዱን ምረጡ፣ ምልክት አድርጉበት፣ እለፉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም።

ልምምዱን ስትጨርሱ መልሱን ለማየት አትቸኩሉ። ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ያለ ሰዓት እንደገና ሥሯቸው። ሁለተኛው ላይ ካገኛችሁት ችግሩ ጥድፊያ ነው። ደግማችሁ ከሳታችሁት አልገባችሁም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ሰዓት ይዞ መለማመድ አያድነውም፣ ተመልሶ መማር ነው።

የስህተት ደብተርም ያዙ። «ጥያቄ 14 ሳትኩ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ ለምን ያንን ምርጫ እንደወደዳችሁት ጻፉ። እኔ ደብተሬን ሳገላብጥ «አንዳንድ የሚለውን አብዛኛው ብዬ አነበብኩ» የሚል ደጋግሜ ጽፌ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ የመጠን ቃል ስክሪኑ ላይ ሳይ ቀለም ሳልቀባበት አላልፍም።