በአንድ አሮጌ አይሱዙ አስፈሪ ፊልም እንዴት እንደሚሰራ

ጎጃም ውስጥ መንገድ ዳር ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሌሊት ነው። ውሾቹ ዝም ብለዋል። ከሩቅ አንድ የጭነት መኪና ዳገቱን እየወጣ ማርሽ ይቀይራል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ልጅ ሆኜ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ «አሁን ያልፋል፣ አሁን ያልፋል» እያልኩ እጠብቅ ነበር። ሰው ስለሚገድል መኪና ፊልም መስራት ካሰባችሁ ትልቁ ሀብታችሁ ያ መጠበቅ ነው። ግጭትና ፍንዳታ ብር ይበላል፣ ማስጠበቅ ግን ሳንቲም አያስወጣም።

ከድርሰቱም በፊት መኪናውን ፈልጉ። ዋናው ተዋናይ እሱ ስለሆነ ፊት ያለው መሆን አለበት። ስቲቨን ስፒልበርግ ገና በወጣትነቱ፣ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ ለቴሌቪዥን የሰራው «ዱኤል» አንድ የቆሸሸ ቦቴ አንድን ሰው ሲያሳድድ የሚያሳይ ነው። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው የፈጀው፣ የሾፌሩም ፊት እስከ መጨረሻው አይታይም። እኛ ጋ ለዚህ የሚሆነው ሰዉ «አልቃይዳ» የሚለው አሮጌ አይሱዙ ነው። አትጠቡት። የአንዱን ወገን የፊት መብራት ደብዘዝ እንዲል ጭቃ ቀቡት፣ አንድ ዓይኑ የታመመ ይመስላል።

ካቢናው ባዶ እንዲመስል ብላችሁ መስታወቱን በጨርቅ እንዳትሸፍኑ፣ ሾፌሩ መንገዱን ማየት አለበት። ጥቁር ሹራብና ጥቁር ጓንት አልብሱትና ካሜራውን ዝቅ አድርጉ። ሰማዩ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ደመናው ይሞላዋል፣ ሾፌሩ ይጠፋል።

ቀጥሎ ሕጉን ጻፉ። ያሻውን ሁሉ የሚያደርግ ጭራቅ አያስፈራም፣ ተመልካቹ ሕጉን ሲያውቅ ነው የሚጨነቀው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ መኪናው የሚቆመው እጁን ላነሳለት ሰው ብቻ ነው። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከገበያ የሚመለስ፣ ጨውና ዘይቱን ተሸክሞ «ጭነኝ!» የማይል ማን አለ? አንዲት እናት እጃቸውን ያነሳሉ። አይሱዙው ይቆማል። በሩ በራሱ ይከፈታል (ውስጥ አንድ ሰው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይግፋው)። እሳቸው ጨለማውን እያዩ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው እግራቸውን መወጣጫው ላይ ያደርጋሉ። እዚህ ጋ ቁረጡት። የቀረውን ተመልካቹ ይጨርሰዋል። ደም አያስፈልግም። ጠዋት ላይ መንገዱ መሃል አንድ እግር ኮንጎ ጫማ፣ ውስጡ የዝናብ ውሃ አቁሮ፣ ይበቃል።

አንድ ነገር አደራ። በየመንደሩ በመኪና አደጋ ሰው ያጣ ቤት አለ። በአካባቢያችሁ የደረሰ እውነተኛ አደጋን ታሪክ አታድርጉት። የሟች እናት ፊልሙን ልታየው ትችላለች።

ቦታ ስትመርጡ ዋናውን አስፋልት እርሱት። ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ከባድ መኪኖች የፍሬናቸው ሽታ እየተከተላቸው የሚያልፉበት ስለሆነ ለቀረጻ መቆም ነፍስን ማስያዝ ነው። ከአፋፉ ሆናችሁ፣ ከመንገዱ ርቃችሁ፣ ሸለቆውን የሚያሳይ አንድ ሰፊ ሾት ውሰዱ። ሌላውን ሁሉ ባህር ዛፍ መሃል በሚያልፍ ጠባብ የኮረት መንገድ ላይ ስሩት። ከቀበሌው ፈቃድ ውሰዱ፣ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይም ቀይ ጨርቅ የያዘ መንገድ የሚያስቆም ሰው አቁሙ። ወቅቱን እኔ ብመርጥ ክረምትን እመርጣለሁ። ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ግርጌው ነሐሴ ላይ ጭጋግ ይለብሳል፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ቢጫ መብራት ሲወጣ የጭስ ማሽን መከራየት አያሻችሁም። ለምትቀርጹበት ሞባይል ፌስታል ያዙ።

አሁን ቀረጻው። የማይጣስ ደንብ፦ ወደ ፊት በሚሄድ መኪና ፊት ሰው አይቆምም። ፍጥነቱን ካሜራው ይፈጥረዋል። አይሱዙው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሂድ፣ እናንተ ከመንገዱ ዳር ወጣ ብላችሁ ካሜራውን ጉልበት ላይ አድርጉ። ሳርና ቁጥቋጦ ከፊት ለፊት ሽው ሲል 80 የሚሄድ ይመስላል። ሯጩን ለብቻው፣ መኪናውን ለብቻው ቅረጹና ኤዲት ላይ አገናኟቸው።

መኪናው ሰው ላይ ደርሶ ቀጥ ሲል ማሳየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ገልብጡት። መኪናው ተዋናዩ ደረት አጠገብ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ይጀምር። ተዋናዩ ቦታውን ሲይዝ ድንጋዩን አንሱ፣ ሞተር ተነስቶ የኋላ ማርሽ ይግባ፣ መኪናው ወደ ኋላ እየራቀ ይሂድ፣ ተዋናዩም ከድንጋጤ ወደ መረጋጋት ይጫወት። ኤዲት ላይ ወደ ኋላ ስታጫውቱት መኪናው ይመጣበታል። ግን ሾፌሩ ልምድ ያለው ይሁን፣ ቦታውም ለጥ ያለ ሜዳ። አቧራና የማርሚታ ጭስ ወደ ኋላ ሲሄድ ዘዴው ስለሚነቃ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ እርጥብ መሬት ላይ ስሩት። ጆን ካርፔንተር በ1983 እ.ኤ.አ. በሰራው «ክሪስቲን» ውስጥ የተጨማደደችው መኪና ራሷን ስታቃና የሚታየው በዚሁ ነው። ቆርቆሮውን ከውስጥ በሃይድሮሊክ ፓምፕ ስበው አጨማደዱት፣ ቀረጻውን ገልብጠው አሳዩት።

ድምፅ ላይ አትሰስቱ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውጡ፣ መኪናው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ዳገት ይውጣ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ቅዱ። የማይኩን ጫፍ በበግ ለምድ ቁራጭ ጠቅልሉት፣ ነፋሱን ይይዝላችኋል። ከዚያ የበሬ ግሳት ቅዱና በጣም አዝግማችሁ ከሞተሩ ድምፅ ስር አስገቡት። ሰው ምን እንደሰማ አያውቅም፣ አንገቱ ላይ ያለው ፀጉር ግን ይቆማል።

ኤዲት ስታደርጉ ከ15 ደቂቃ አትለፉ፣ መኪናውንም ሙሉ ሰውነቱን እስከ 5ኛው ደቂቃ አታሳዩ። ያላችሁን ብር ለናፍጣ፣ ለሾፌሩና ለምሳ አውሉት። ሰው ተርቦ ሌሊት አይቆምላችሁም።

የመጨረሻዋን ሾት ቀን ላይ ቅረጹ። እናንተም እንደምታውቁት የገጠር ልጆች መኪና ባለፈ ቁጥር እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ጅራፉ ትከሻው ላይ፣ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ቀና ይላል። ፈገግ ብሎ እጁን ያነሳል። ሞተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል።